የዳርናዋ ታማሚ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ከበረሃው የሚመጣው የሰሜን ነፋስ የስንዴ ገለባ እያዘለ የትንሿን የስንዴ ከተማ የዳርናን የቆርቆሮ ጣሪያዎች በደረቅ ሙቀት ይገርፋል።

ማርኒ ሽሊንክ በአምቡላንሱ ጋራዥ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሸሚዟን ከኋላ ገልባ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የቆመችው ቤቭ ኖትል የስኳር ሽሮፕና ቀይ የምግብ ቀለም የበጠበጠችበትን ብርጭቆ ይዛ ከግራ ትከሻዋ በታች ለዛሬው ፈተና የውሸት ቁስል ትሠራለች። መጀመሪያ ከሥጋ ቤት ያመጣችውን ስስ የበግ ሞራ ለጠፈች፤ ቀጥላ ጫፉን በጣቷ አጠፈች፤ ከዚያም ቀዩን አፈሰሰችበት። ቤቭ የዳርና አምቡላንስ በጎ ፈቃደኞች ኃላፊ ናት። ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ቁስል በመሥራት የሚስተካከላት ግን የለም።

«አትንቀጥቀጪ።»

«ይቀዘቅዛል።»

«በዚህ ሙቀት? ወፎቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ መሬት ወርደዋል። ባይሆን ፈራሁ በይ።»

ማርኒ ጭኗ ላይ ያለውን ካርድ እንደገና አነበበችው። ካርዱ ከዋናው ከተማ ከአደሌድ ታሽጎ የመጣ ነው፤ የሚያነቡት ፈታኙ፣ ቤቭና ታማሚ ሆኖ የሚተኛው ሰው ብቻ ናቸው።

«ከተጎታች ላይ የወደቀ የእርሻ ሠራተኛ። ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል፤ ይታያል። ከጀርባው በግራ በኩል ብረት ወግቶታል፤ አይታይም። ታማሚው ግራ ተጋብቷል። ጀርባው ካልተነካ በቀር ስለ ጀርባው አይናገርም።»

ካርዱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከነሐሴ ወዲህ በጀርባዋ መተኛት ትታለች። አልጋዋ ላይ እንኳ በጎኗ ነው የምትተኛው፤ በጀርባዋ ስትሆን አንሶላው የረጠበ ይመስላታል። እየተነሣች በእጇ ትዳስሰዋለች። ደረቅ ነው። ሁልጊዜም ደረቅ ነው።

ፈታኙ ፔሬራ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጋራዡ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ከዳቦ ቤቱ የገዛውን በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ይበላል። ቤቭ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወደ እሱ ሄደች።

«ሌላ ካርድ የለህም?»

«የለኝም። ምነው?»

«በነሐሴ እንዲህ የቆሰለ ሰው ሞቶብናል። አብሮት አምቡላንሱ ውስጥ የነበረው ደግሞ ዛሬ የምትፈትነው ልጅ ነው።»

ፔሬራ ፓዩን አስቀመጠ። «አዝናለሁ» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ግን ካርዱን እኔ አልመረጥኩትም። ነገ መንገድ ላይ የሚያገኘውም ሰው በካርድ ተመርጦ አይመጣለትም።» ከዚያ ወደ ማርኒ ተመለከተ። «ይቺ ልጅ እህቱ ናት አሉኝ። እውነት ነው?»

«ሌላ ልጅ ከየት ላምጣ? ሁሉም አዝመራ ላይ ነው። ዳርና ውስጥ ዝምድና የሌለው ከፈለግህ በጎች አሉልህ።»

ፔሬራ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው። ፊቱ የተዘረጋውን ማህደር በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ማህደሩን እንደማየው ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። በትምህርት ቤት ሒሳቡም ንባቡም ከፍተኛ ነው። ሁለት ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆኗል፤ አንድም ልምምድ አልቀረም፤ የጽሑፍ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አልፏል። ማን ፓራሜዲክ፣ የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ፣ ይሆናል ተብሎ ሲጠና የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ልጁ ሁሉም አለው።»

«አለው» አለች ቤቭ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም ስገምት ነው የኖርኩት። በግ አርዶ ያደገ ልጅ ደም አያስደነግጠውም፣ ያልፋል አልኩ፤ ራሱን ስቶ ወደቀ። አንዷን ደግሞ ይቺ አትችልም ብዬ ልመልሳት ነበር፤ ዛሬ ሄሊኮፕተር ላይ ነው የምትሠራው። ይኸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቻለሁ።» ትንሽ አሰበች። «ማንም ሳይነግረው እጁ የሚሄድለት ሰው ያልፋል፤ አሁን እንዲህ ይመስለኛል። እሱንም ተሳስቼ ይሆናል።»

ማርኒ ይህን ሁሉ ሰማች። ሸሚዟን አወረደች። ሽሮፑ ከጨርቁ ጋር ተጣበቀ።

ዳርና ውስጥ ልጅ ሁሉ ታማሚ ሆኖ ያድጋል። በጎ ፈቃደኞቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲለማመዱ የሚተኛላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ትልልቆቹ ሥራ አላቸው፤ ስለዚህ ልጆቹ ይተኛሉ። ብዙዎቹ ይስቃሉ፣ ወይ ይሰለቻቸውና ቁጭ ይላሉ። ማርኒ ግን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሳትስቅ ትሰበራለች፣ ትታነቃለች፣ ትመረዛለች። ክፍል ውስጥ «ዛሬስ የት ተሰበርሽ?» ይሏታል። «ከመካከላችን እንደ ማርኒ መሞት የሚችል የለም» የሚለውን የከተማውን አባባል የጀመረው አንድ ቀልደኛ የስንዴ ጎተራ ሠራተኛ ነው።

ወንድሟ ሊንደን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በጎ ፈቃደኛ ሆነ። በመጀመሪያው ልምምድ እህቱ ላይ የተሠራውን የቁርጭምጭሚት ስብራት ሳያገኝ ቀረ። ሁሉም ሳቁበት፤ ክፋት አልነበረውም፤ እሱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ። ማርኒ ያንን ቀለም አልወደደችውም። በሚቀጥለው ማክሰኞ የተደበቀው ቁስል ሆዷ ላይ ነበር። ሊንደን ግራ ገብቶት ፊቷን ሲያይ ዓይኗን ወደ ሆዷ ወረወረች። አንዴ ብቻ። እጁ ዓይኗን ተከትሎ ሄደና አገኘው።

ማንም አላየም። ምናልባት ሊንደን ራሱም አላየም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ። እሱ ፊቷን ያያል፣ ዓይኗ ይሄዳል፣ እጁ ይከተላል። ሊንደን በዳርና አምቡላንስ ውስጥ ቁስል የማያመልጠው ሰው ተባለ።

በነሐሴ፣ በበጎች መውለጃ ወቅት፣ ኦጊ ላንገ የሚባል አርቢ ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ አጥሩ ላይ ተጋጨ። እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ይታይ ነበር። ቤቭ ነዳች፤ ሊንደን ከኋላ ሆኖ እግሩን አሰረ። ጥሩ አድርጎ ነበር ያሰረው፤ በኋላ ያዩት ሁሉ ይህን መስክረዋል። ኦጊ የለበሰው ለዝናብ የሚሆን በሰም የተነከረ ወፍራም ካፖርት ነበር። ካፖርቱ ሥር፣ ጀርባው ላይ፣ የአጥሩ ብረት የወጋው ቦታ ነበረ። ካፖርቱ ደሙን በውስጥ ያዘው፤ ወደ ውጭ ጠብ አላለም። በአውሮፕላን የሚመጡት ሐኪሞች ከሚያርፉበት ሜዳ ሲደርሱ ኦጊ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ ቁስሉ ቢገኝም ላይተርፍ ይችል ነበር አለ። ማንም አልተወቀሰም።

በማግሥቱ ጠዋት ሊንደን ከቤታቸው ጀርባ ቦቲውን በጎማ ውኃ ሲያጥብ ማርኒ አጠገቡ ቆመች። ቦቲው ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ማጠቡን አላቆመም።

«ዓይኑ ክፍት ነበር» አላት ቀና ሳይል። «መንገዱን ሙሉ አየሁት። ምንም አልነገረኝም።»

ማርኒ ስለዚያ ቃል ሳትጠይቀው ቧንቧውን ዘግታ ትምህርት ቤት ሄደች። ቃሉ ግን አብሯት ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከፊት ለፊቷ ነበር፤ ማታ ፊቷን ልትታጠብ ስትል መስተዋቱ ውስጥ ጠበቃት። የገዛ ዓይኗን ማየት አቃታት።

የኦጊ ውሻ ዛሬም አለ። አምቡላንሱ ከጋራዡ በወጣ ቁጥር እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ይከተለዋል፤ እዚያ ቆሞ አቧራው እስኪረግብ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይመለሳል። የሚያባርረው የለም።

በጥቅምት ወር ማርኒ ጉንፋን ይዟት አንድ ማክሰኞ ቀረች። ሊንደን በማለማመጃ አሻንጉሊቱ ላይ ሠራ። የተደበቁትን ሦስቱንም ቁስሎች ሳተ። ቤቭ ሱቅ ደጃፍ ላይ ማርኒን አገኘቻትና የወተት ሣጥን እንደታቀፈች ጠየቀቻት። «አሻንጉሊቱ ላይ ይወድቃል፣ አንቺ ላይ ያልፋል። ለምን ይመስልሻል?» ማርኒ «እንጃ» አለች። ቤቭ ለአፍታ አየቻትና ወተቷን ይዛ ሄደች።

አሁን፣ በዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሚጠቀለለው የብረት በር ውጭ የቦቲ ድምፅ ተሰማ። ተፈታኝ ከፈተናው በፊት ታማሚውን ማየት አይፈቀድለትም። ሊንደን በሩን በጣቱ አንኳኳ።

«ማርኒ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«አንቺ ነሽ የምትተኚው?»

«እኔ ነኝ። ሂድ፣ ማውራት ክልክል ነው።»

«አቦ፣ ስለ ፈተናው መች አወራሁ! ሰላም ማለትም ተከለከለ?» ድምፁ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሎ ነበር። «አንቺ ከሆንሽ ፈታ ብያለሁ። እማዬ ዳቦ ስትጠብስ አሳረረችው፤ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምትፈተነው።»

ማርኒ ፈገግ ልትል ሞከረች። ባለፈው እሑድ እራት ላይ ለእናታቸው ያላትን ሰምታለች። «ካለፍኩ አደሌድ ሄጄ ፓራሜዲክነቱን እጨርሳለሁ። ከወደቅኩ ግን ይሄን ዩኒፎርም ዳግመኛ አልለብሰውም።» እናታቸው ድንቹን ማቅረቧን አቆመች፤ በእጇ የያዘችውን ማንኪያ ረሳችው።

«ሊንደን» አለች ማርኒ ወደ በሩ።

«ወይ?»

ልትነግረው የምትችለው ነገር አንድ ቃል ነበር። ጀርባ። ቤቭ ወደ ቃሬዛው ዞራ ነበር፤ ፔሬራ ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ምንም። ውኃ ጠጣ።»

«እሺ ነርስ» ብሎ ሄደ።

ማርኒ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጀርባዋ ተኛች። ቤቭ የቀኝ ክንዷን እንደተሰበረ አጣምማ አስቀመጠችላት። ወለሉ ሞቃት ነበር፤ ጀርባዋ ሥር ያለው ሽሮፕ ግን ቀዝቅዞ ተሰማት። ረጥቧል። በዚህ ጊዜ እውነት ነው፤ ረጥቧል። ከጣሪያው ላይ አንድ የብርሃን ስንጥቅ ፊቷ ላይ ወረደ። ኦጊም አምቡላንሱ ውስጥ እንዲህ ወደ ላይ እያየ እንደነበረ አሰበች። ምን አይቶ ይሆን? የሊንደንን ፊት ነው ያየው። ከእሱ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ፊት።

ቤቭ የሊንደን ረዳት ሆና ልትቆም ነው፤ የምትሠራው እሱ ያዘዛትን ብቻ ነው። ፔሬራ ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ አጣብቆ ጥግ ያዘ። «ዝግጁ ነሽ?» አላት።

«ዝግጁ ነኝ።»

በሩ እየተንጓጓ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ሙቀቱና የገለባው ሽታ አንድ ላይ ገቡ። የወንድሟ ቦቲ ሲሚንቶውን ሲረግጥ ማርኒ ዓይኗን ከደነች።

«አካባቢው አደጋ የለውም? ሽቦ፣ ማሽን?»

«የለም» አለች ቤቭ።

አጠገቧ ተንበረከከ። የጓንቱ ሽታ መጣ። «ሰላም፣ ሊንደን እባላለሁ፤ ከአምቡላንስ ነው የመጣሁት። ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«የት ያምሻል?»

«እጄን።»

«ዓይንሽን ክፈቺ።»

ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ታማሚ ሁሉ ዓይንህን ክፈት ይባላል። ማርኒ ግን ድምፁ ውስጥ ከሕጉ ያለፈ ነገር ሰማች።

«ያዞረኛል» አለች። አልከፈተችውም።

ሊንደን ሥራውን ጀመረ። ትንፋሿን አዳመጠ፤ የልብ ምቷን ያዘ፤ አንገቷን ዳበሰ። ክንዷን በመደገፊያ አሰረ። ለቤቭ የሚሰጣት ትእዛዝ አጭርና ግልጽ ነበር። በጨለማው ውስጥ ማርኒ ሁሉንም ተከተለች። ደረቷን ተጫነ። ሆዷን። ወገቧን ከግራና ከቀኝ። እግሮቿን እስከ ጣቶቿ።

ከዚያ ቆመ።

የሚቆምበት ቦታ ይህ ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ቀና ይላል፣ ፊቷን ያያል። አሁንም እያየው እንደሆነ በሽፋሽፍቷ ላይ አወቀችው። ትንፋሹ ቅርብ ነበር።

«ማርኒ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ክፈቺ እንጂ።»

ዓይኗ ከሽፋኑ ሥር ወደ ግራ መሄድ ፈለገ። ከልምዷ ጋር ታገለች። ጥርሷን ነከሰች። አንድ ቅጽበት ቢበቃ ነው፤ አንዴ ገልጣ ብትከድነው ወንድሟ አደሌድ ይሄዳል፤ እናቷ ማንኪያዋን ታስታውሳለች፤ ቤታቸው ውስጥ እንደገና ይሳቃል። ከዚያ አንድ ቀን፣ በሌላ መንገድ ላይ፣ ሊንደን የማይናገር ሰው ፊት ላይ ቀና ይልና ይጠብቃል።

አልከፈተችም።

የፔሬራ እስክሪብቶ አንዴ ቧጨረ። ውጭ፣ የጎተራው ማሽን ያጓራል። ሊንደን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ተመለሰ፤ የታሰረውን ክንዷን እንደገና ነካካው፤ የማያስፈልገውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ። ጊዜው ይሄዳል። ማርኒ የሱን ፍርሃት ከራሷ መለየት አቃታት።

ከዚያ ትንፋሹ ተለወጠ።

እጁ ከወገቧ ሥር ገባ። በዝግታ፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ አከርካሪዋን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ምንም። ወደ ግራ ሄደ። ጣቶቹ እርጥቡን ነኩ።

ማርኒ በካርዱ እንደታዘዘችው ጮኸች። ጩኸቱ ከታዘዘው በላይ ረዘመ።

«ጀርባ! ግራ በኩል፣ ደም አለ! ቤቭ፣ ወፍራሙን ፋሻ፣ አሁን! ወደ እኔ እናዙራት፣ አንድ፣ ሁለት...» ቁስሉን በሁለት መዳፉ ተጫነው። እስኪያማት ድረስ ተጫነው፤ ፔሬራ «ይበቃል» ካለ በኋላም አልለቀቀም። ቤቭ እጁን ይዛ አላቀቀችው።

ማርኒ ዓይኗን ስትከፍት ወንድሟ ጓንቱን ያይ ነበር። ቀይ ነበር፣ እስከ አንጓው።

ፔሬራ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ደገፈ። «ሌላው ሁሉ በጣም ጥሩ ነው። የምሬን ነው፤ ከብዙ ሰው የተሻለ ነው። ይሄኛውን ግን ያገኘኸው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ሰው እስከዚያ ድረስ...» አቆመ። ወደ ቤቭ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «ዛሬ ላሳልፍህ አልችልም።»

«ገባኝ» አለ ሊንደን።

ማርኒ ሸሚዟን ቀይራ ስትወጣ አምቡላንሱ የኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጓንቱን አላወለቀም። ሽሮፑ ስኳር ስለሆነ ዝንቦች መጥተውበታል፤ አላባረራቸውም። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ለምን ከደንሽ?» አላት።

መልስ አዘጋጅታ ነበር። እሱን ተወችው። «አሻንጉሊቱ ላይ ለምን አታገኘውም?» አለች በመጨረሻ።

«ስለ ኦጊ ልታወሪ ነው?»

«አይደለም። ስለ ራሴ ነው።» ዝንቦቹን ከጓንቱ ላይ አባረረች። «እኔ እኮ ሁልጊዜ እነግርህ ነበር። በዓይኔ። ከዚያች ሁሉም ከሳቁብህ ቀን ጀምሮ።»

በስንዴ የተሞላ የጭነት መኪና ወደ ጎተራው አለፈ። አቧራው ወደ እነሱ መጣ፤ ሁለቱም ፊታቸውን አላዞሩም።

«አላውቅም ነበር» አለ ሊንደን። «አሁን፣ እዚያ ተኝተሽ፣ ፈለግኋቸው። ዓይኖችሽን። ከጀርባሽ በፊት የፈለግሁት እነሱን ነው።» ቀይ መዳፉን አየ። «የኦጊንም እንደዚያው ነበር የፈለግሁት።»

ማርኒ ልትነካው እጇን አነሣች፤ መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እሱ አንዱን ጓንት አወለቀ። ከዚያ ሌላውን። ገልብጦ እርስ በርስ አጣጠፋቸው፣ ቤቭ እንዳስተማረችው፣ ቀዩ ወደ ውስጥ እንዲሆን።

ፔሬራ ዕቃውን መኪናው ውስጥ ጭኖ፣ ለቤቭ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

«ነገ ከሰዓት ምን አለሽ?» አለ ሊንደን።

«ልብስ ማጠብ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም።»

«ዓይንሽን ከድነሽ ትተኛለሽ?»

ማርኒ ወንድሟን አየችው። ዩኒፎርሙን አላወለቀም።

«እተኛለሁ» አለች።

ቀጣዩ ፈተና በመጋቢት ነው።